ከደብረ ሲና መልካም ገና

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! አዲስ አበባ ያላችሁም፣ ሜሪላንድም ሪያድም ቤይሩትም ሆናችሁ "እስኪ የዛሬ ጠዋቱን ጉም አሳዪን" እያላችሁ በኢንቦክስ ስትጠይቁኝ የከረማችሁም፣ ሁላችሁም። ይሄን የምጽፈው በዋዜማው ምሽት ነው፣ ከጓዳ የሽንኩርት ቁሌቱ ሽታ እየመጣ ነው፣ እማዬ ዶሮውን ለኔ አላመነችኝም፣ እኔም ብእሬን ይዤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ ውጪ ብርዱ ለጉድ ነው።

ብዙዎቻችሁ ደብረ ሲናን የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የደሴው አውቶብስ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጨርስ አስር ደቂቃ ይቆማል፣ ቆሎ ሻጮቹ ይሮጣሉ፣ ብሩን ታቀብላላችሁ ቆሎውን ትቀበላላችሁ፣ መኪናው ይሄዳል። እኔ ራሴ የተወለድኩባት ከተማ ሆና ለአስራ አንድ አመት ከዛ ብዙም የተሻለ አላየኋትም። ለበአል ማታ እገባለሁ፣ በልቼ እተኛለሁ፣ በነጋታው ሌሊት መናኸሪያ ነኝ። አምና ሰኔ ላይ ግን እማዬን ጉልበቷን ሲያማት ስራዬን ለቅቄ ጠቅልዬ መጣሁ፣ አሁን የእህቴን የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ ነው የምጠብቀው፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደብተር እሸጣለሁ። እና ከልጅነቴ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መፀውን ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 አንድ ቀን ሳይጎድል እዚሁ አሳለፍኩት። የበአል መልእክቴ ስለሱ ቢሆን ደስ አለኝ።

ክረምቱ እዚህ በአንድ ቀን አይወጣም። እንቁጣጣሽ አልፎ፣ ደመራው ተለኩሶ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት እያለ እንኳ ጉሙ ከላይ ከዋሻው በኩል ይወርድና ከተማዋን ይውጣታል፣ ከሱቁ በር ላይ ቆሜ ማዶ ያለው ባጃጅ አይታየኝም፣ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዛ ጽጌ በገባ በሳምንቱ አካባቢ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጉሙ የለም፣ ከእግሬ ስር ጀምሮ የይፋት ቆላ እስከ ታች ተዘርግቷል፣ ኮረብታው ከኮረብታ ጀርባ፣ መጨረሻው ላይ የበረሃው ጭጋግ እንደ ጭስ ሆኖ። ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ከውስጥ "ምነው በሩን ከፍተሽ ብርድ ታስገቢያለሽ" አለች፣ ነይ እይ ስላት ምርኩዟን ይዛ መጣችና እሷም ዝም አለች፣ ቆይታ "በይ ፍራሾቹን አውጪያቸው" አለችኝ። እስከ አራት ሰአት ሰፈሩ በሙሉ ብርድ ልብሱንና ጋቢውን አጥር ላይ አስጥቶ ነበር፣ ክረምቱን የታፈነ ቤት ሁሉ በሩን በርግዶ።

የጥቅምት ነገር እሸት ነው። ልጆቹ የባቄላ እሸት ከነግንዱ በእስር በእስር ይዘው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ፣ እኛ ደሞ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ከእህቴና ከልጇ ጋር ወደ ዘመዶቻችን ማሳ በእግር እንወርዳለን። እሸት ገዝቶ ቤት መብላትና ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ መብላት አንድ አይደለም። ቅርፊቱን በአውራ ጣት ስትከፍቱት ውስጡ እንደተባዘተ ጥጥ ነጭ ነው፣ ፍሬዎቹ እዛ ላይ እንደ ህፃን ተኝተዋል፣ ጤዛው ገና አልደረቀም፣ ጣታችሁ ጠቁሮ ይቀራል። የገብሱ እሸት ደሞ በነበልባል ለብለብ ተደርጎ በመዳፍ ታሽቶ፣ እፍ ብለው ገለባውን አብንነው ትኩሱን ነው። የእህቴ ልጅ ሰባት አመቷ ነው፣ አፏ ዙሪያ ጥላሸት ሆና "አክስቴ፣ ይሄ ነው ቆሎ የሚሆነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የደብረ ሲና ልጅ ሆና ለካ አልነገርናትም!

ስለዚ ይዣት ወደ እታባ ሄድኩ። እታባ ጎረቤታችን ናት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራት፣ ከሰላሳ አመት በላይ ቆሎ ቆልታ ልጆቿን ያስተማረች ሴት። ከዛ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ እሷ ጋ መቀመጥ ልማዴ ሆነ። ገብሱ መጀመሪያ ውሃ ይነካና በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ሽፋኑ ሲለቅ ፀሀይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በሰፌድ ይነፈሳል፣ ምጣድ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሳቱ ከበዛ ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፣ ካነሰ ደሞ ጥርስ ይሰብራል። እታባ መብሰሉን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ገብሱ ምጣዱ ላይ ሲገላበጥ መጀመሪያ ድምፁ ከባድ ነው፣ እንደ ዝናብ ሿ ይላል፣ ቆይቶ እየቀለለ ይመጣል፣ መንጣጣት ይጀምራል። "ሰማሽ ልጄ? አሁን ቀለለ" ትለኛለች። ሶስት ቅዳሜ ምንም አልሰማሁም፣ በአራተኛው ሰማሁት፣ እሷ ሳትነግረኝ ቀድሜ "ቀለለ" ስላት ሳቀችና ማማሰያውን ሰጠችኝ። ሱፉም ሽምብራውም ለውዙም እሳታቸው ስለማይገናኝ ለየብቻ ተቆልተው ነው በኋላ የሚቀላቀሉት። እና እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስታልፉ በመስኮት ስትከራከሩ ይሄን አስቡልኝ፣ ያቺ አንድ ከረጢት የሁለት ቀን ስራ አለባት።

ህዳር 12 ከተማዋ ታጠነች። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ስንቱን ቤት ባዶ ካስቀረ በኋላ ነው ሰዉ በየአመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻውን ጠርጎ እደጁ ላይ ማቃጠል የያዘው፣ ህዳር ሲታጠን እንላለን። አዲስ አበባ ሳለሁ ጭሱ አይኔን ሲያቃጥለኝ ብቻ ነበር ቀኑን የማስታውሰው። እዚህ ግን ማታ ከቤታችን በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ወጥቼ አየሁት፣ ከየደጁ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ሁሉም ተገናኝቶ እንደ ነጠላ በከተማዋ ላይ ይዘረጋል፣ ነፋስ ስላልነበረ እስኪመሽ እዛው ቆየ።

ጣርማ በር የወጣነው በዛው ሰሞን ነው፣ ፔርሙዝ ሻይና ዳቦ ይዘን፣ ለጠዋት ጉዞ ሚኒባስ ተኮናትረን። ቦታው ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ ከዋሻው በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ስትሉ እግራችሁ ወደ ቆላ ነው የሚንጠለጠለው። ዋሻውን ጣሊያን በአምስት አመቱ የወረራ ጊዜ ያስቆፈረው ነው፣ ዛሬም ጭለማ ነው፣ ሾፌሮቹ ክላክስ እያሰሙ ነው የሚያልፉት። ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው ወጣ ብሎ ነው። በአለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሉም፣ ሳር ነው ቀለባቸው። አንዷ እናት ከኛ አስር እርምጃ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ፣ ሳሩን በሁለት እጇ እየቀነጠሰች አንድ እፍኝ እስኪሞላ ትሰበስባለች ከዛ ወደ አፏ፣ ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእህቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ አየቻትና "ልክ እማማ ጎመን ስትቀነጥስ ነው የምትመስለው" አለች፣ እውነቷን ነው። ከኛ ቀድመው የነበሩ ሰዎች ግን ብስኩት ይወረውሩላቸው ነበር፣ ሲሄዱም ላስቲኩንና የውሃ ሃይላንዳቸውን እዛው ጥለው ሄዱ። አዘንኩ በጣም። ሰብስበን በፌስታል ይዘን ወረድን። ስትመጡ እባካችሁ ለጭላዳ ምንም አትስጡ፣ ብስኩት የለመደ ጭላዳ አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ላይ ደሞ ሲኖትራክ አለ።

ወፍ ዋሻ አንዴ ብቻ ነው የሄድነው፣ ሩቅም ነው መንገዱም ያደክማል። ስለ ጫካው ብዙ ማለት አልችልም፣ ጥዱ ዝግባው ኮሶው፣ ግንዱ ሁለት ሰው ቢያቅፈው የማይደርስበት ዛፍ፣ ከላይ ጉሬዛው ነጭ ጭራውን እያዘናፈለ ሲዘል፣ ድምፃችን ራሱ ሳናስበው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የመናገሻ ሱባ ደን በዘርአ ያእቆብ ዘመን የተተከለው ከዚህ በሄደ የጥድ ዘር ነው ይባላል። ከጥዱ ፍሬ አንድ ጭብጥ ይዤ መጥቼ የሱቁ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የመጣ ተማሪ ሁሉ አንስቶ ያሸተዋል።

ሮቢት ደሞ በተቃራኒው ነው። ጠዋት በረዶ የመሰለ ውርጭ ላይ ጃኬት ደርበን እንሳፈራለን፣ አርማንያን ስናልፍ ጃኬቱ ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በቲሸርት ነን፣ የአየር ለውጡ በአንድ ሰአት ውስጥ ነው። በገበያ ቀን የዛ ቆላ ሰው ማሾና ሽንኩርቱን ይዞ ወደኛ ይወጣል፣ ከመንዝ በኩል የመጣው ደሞ በግና ገብሱን፣ ባናውን ይዞ ይወርዳል፣ እኛ መሀል ላይ ነን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አርጎባውም አማራውም፣ ዋጋ ሲጠይቅም ሲሳሳቅም የምትሰሙበት ገበያ ነው፣ እኔ ግማሽ ቀን ስመላለስበት ባዶ እጄን ተመልሼ እንኳ ጠግቤ ነው የምገባው።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በ2014 ህዳር ላይ ጦርነቱ እስከ ከተማችን ደርሶ ነበር። እማዬ ያኔ የቤቱን ቁልፍ ቀሚሷ ውስጥ ቋጥራ ከጎረቤት ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ነው የሄደችው፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልኳ አልገባ ብሎኝ ስንት ቀን አልተኛሁም። ከዛ በፊትም ቢሆን፣ በ1998 መስከረም ይዛባ አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ ከነማሳው ቤቱን አጥቷል፣ ተራራ ላይ መኖር እንዲህም አለው። በየሰፈሩ በአል ሲመጣ ባዶ የሚሆን መደብ አለ። ዘንድሮ ፍራሽ ፀሀይ ላይ ሲሰጣ፣ እሸት ሲበላ፣ ህዳር ሲታጠን እያየሁ ለምን እንባዬ እንደሚመጣ አንዳንዶቻችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ መልሱ ይሄ ነው። እማዬ ያንን ቁልፍ አሁንም ቋጥራ ነው የምትይዘው፣ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ።

ታህሳስ ሲገባ አውድማው ተራ በተራ ወና ሆነ፣ ጭዱ ተከመረ፣ ሱቁ በር ላይ ፀሀይ የምትሞቅበት ሰአት አጠረና ደንበኞቼ ሁሉ ከሶስት ሰአት በኋላ መምጣት ጀመሩ። ሰፈራችን ያሉ ልጆች ሰሞኑን የገና ዱላቸውን ከወይራ ሲጠርቡ ነው የሰነበቱት፣ ነገ ከሰአት ሜዳው ላይ ጨዋታው አለ፣ ትልልቆቹም ይገባሉ አሉ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል። የእህቴ ልጅ ሴት አትገባም የሚላት ልጅ አግኝታ ስትሟገት ነው የዋለችው፣ እኔ ዱላ ጠርቤላታለሁ።

የሩቅ ወዳጆቼ፣ ናፍቆታችሁ ይገባኛል፣ የሰፈራችሁን ስም ጻፉልኝ፣ በአሉ እንዳለፈ ዞሬ ፎቶ አነሳላችኋለሁ፣ የቤታችሁ በር ቀለሙ ተቀይሮም ቢሆን። የቅርቦቹ ደሞ፣ መኪናው ሲቆም አንዴ ውረዱ፣ ቀጣዩ መኪና ነገም አለ፣ አልጋ አለ፣ ጋቢ ካልያዛችሁ እኛ ጋ አለ።

እታባ አሁን ገባች፣ በሰፌድ ትኩስ ቆሎ ይዛ፣ "ለዶሮው እስክትደርሱ" ብላ። እማዬ ተቀመጪ አለቻት። ቡና ሊፈላ ነው፣ ልነሳ። መልካም በአል ይሁንላችሁ ሁላችሁም፣ ከነቤተሰባችሁ።