አባ ጤና ላይ ጎንበስ ብዬ ወረድኩ

የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስሙ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ነው። አንድ እጄን ሆዴ ላይ፣ አንድ እጄን ብረቱ ላይ አድርጌ እንደ ዘጠና ዓመት አሮጊት ጎንበስ ብዬ ደረጃውን ስወርድ የድሬ ሙቀት ፊቴን መታኝ። «አባ ጤና፣ እንግዲህ በስምህ» አልኩ በሆዴ። ሆዴ ያኔ የተሰፋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ልጆች በኦፕሬሽን ከወለድኩ በኋላ የተንዘላዘለ ሆዴን ኢስታንቡል ሄጄ አስቆረጥኩት። የሚያውቁት ባለቤቴና እህቴ ብቻ ናቸው። ለቢሮ የዓመት ፈቃድ፣ ለተቀረው ሰው ደግሞ የሐሞት ጠጠር ነው ያልኩት። አዲስ አበባ ቤቴ ብተኛ ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ይጎርፋል። ከመካከላቸው አንዷ ነቄ ብላ ታወጣዋለች። ስለዚህ ድሬ፣ ከዚራ፣ አክስቴ ቤት ልደበቅ። በሚያዝያ! ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ትኬቴ የተቆረጠው እኔ ከመቆረጤ በፊት ነው። የገዛሁት ጥቅል ኦፕሬሽኑን፣ ሰባት ሌሊት ሆቴልና ማመላለሻ መኪና ያካተተ ነበር። ሐኪሙ በስድስተኛው ቀን ከጎኔ ፈሳሽ ማውጫውን ቱቦ ሲነቅል «አሥር ቀን ብትሞዪ ደስ ይለኛል» አለኝ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎትም ለሆድ ማጥበቂያ ኦፕሬሽን ከ7 እስከ 10 ቀን ሳትበሩ ቆዩ ነው የሚለው። የጥቅሉ አስተባባሪ ግን በስልኳ እየጻፈች ፈገግ አለች። ተጨማሪው ሌሊት በራስሽ፣ ትኬት መቀየሪያውም በራስሽ። ሒሳቡን ሳሰላው ዓይኔ ፈጠጠ። ለሆዴ ያን ሁሉ ዶላር ከፍዬ ለሦስት ሌሊት ሆቴል ሰሰትኩ። በስምንተኛው ቀን በረርኩ። «ለመብረር ትችላለች» የሚል ወረቀት ሰጡኝ፤ መንገድ ላይ ማንም አልጠየቀኝም።

ከኢስታንቡል አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ከምናምን ነው። የመተላለፊያው ጥግ ወንበር ይዣለሁ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ አጥባቂ ካልሲ አድርጌያለሁ፣ የደም ማቅጠኛ መርፌዬንም ማታ ሆዴ ላይ ወግቻለሁ። ያልጠበቅኩት መነፋቱን ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንደ መቀመጥ ነው የሚሆነው። ከባሕር ጠርዝ ተነስተህ እዚያ ስትደርስ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ሲሶ ያህል ይሰፋል። በኮርሴት ለታሰረ፣ አዲስ ለተሰፋ ሆድ ሲሶ ቀልድ አይደለም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ከቱርክ ልብስ እያመላለሰች መርካቶ የምታከፋፍል ሴት ናት። አየት አደረገችኝና «አንቺም ሆድሽን ነው?» አለች። ክው አልኩ። ለካ ጎንበስ ብለው የሚገቡ ሴቶች ለእሷ ብርቅ አይደሉም። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ክንዴን ይዛ «ተነሺ፣ ዞር ዞር እንበል» ትለኛለች። እስከ መጸዳጃ ቤቱ፣ መልሰን እስከ ወንበራችን። እንቅልፏን ትታ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቦሌ ላይ ሻንጣዎቿ ዋጧት።

ከቦሌ ድሬ አንድ ሰዓት ነው፤ ምንም አልሆንኩም። በኋላ ሳስበው ገባኝ። አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። እኛ ዕድሜ ልካችንን አውሮፕላኑ ውስጥ ነው የምንኖረው። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሆዴ መንገዱን ሁሉ እየቀለለው ሄደ።

የቀለለው እስከ ማታ ነው። ኮርሴቱን ከገላ መታጠቢያ ሰዓት በቀር እንዳላወልቅ ታዝዣለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ ትደርባለህ። ድሬ ሲጠፋ የምትገፈው ቆዳህ ብቻ ይቀራል። ላቡ ከኮርሴቱ ሥር እየተንቆረቆረ ወደ ስፌቱ ሲወርድ አላስቻለኝም። ሃያ ሁለት መንጠቆ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። በጨለማ አንድ፣ ሁለት እያልኩ አሥራ ምናምነኛው ላይ ስደርስ አክስቴ የስልኳን መብራት አብርታ ገባች። ከዳሌ እስከ ዳሌ የተጋደመውን ፕላስተር በመብራቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው።

«አቦ! ሐሞት እዚህ ድረስ ይደርሳል እንዴ?»

ሳቄን ልዋጠው ብል እንቢ አለኝ። የተሰፋ ሆድ ይዞ መሳቅን ለጠላቴም አልመኝም። አልቅሼ እየሳቅኩ ሁሉንም ነገርኳት። እስኪነጋ በሰፌድ እያራገበችልኝ አደረች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው፦ «እኔን ብትጠይቂኝ ሰፋ ያለ ቀሚስ እሰፋልሽ ነበር።»

በማግስቱ ግራ ባቴ አብጦ ተነሳሁ። ቀኙ ደህና፣ ግራው ብቻ፤ ሲነኩት ያማል። ከኦፕሬሽንና ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚያስፈራው ይህ ነው። ደም እግር ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ ተነቅሎ ሳንባ ይደርሳል። ባጃጁ ለአሥር ደቂቃ መንገድ 400 ብር አለን። አክስቴ እንደ ልማዷ ተከራከረችው። እኔ ግን ባቴን እያየሁ «ክፈይው» አልኳት። እስካሁን ታነሳብኛለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘነው ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ትንፋሽ ያጥርሻል? ደረትሽን ይወጋሻል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስንት ሰዓት ተቀምጬ እንደመጣሁ። አልትራሳውንዱ 1,500 ብር ነበር። ጄሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ከመጣሁ የተመቸኝ የመጀመሪያው ነገር። ከጉልበቴ ጀርባ የደም ሥሩን እየተጫነ፣ እየለቀቀ ሲያይ ትንፋሼን ይዣለሁ። ሲጫኑት የሚታጠፍ ሥር ጥሩ ነው አለኝ፤ የረጋ ደም ካለበት አይታጠፍም። የኔው ታጠፈ። ሙቀቱና ካልሲዬን አውልቄ ማደሬ ነው ያሳበጠኝ።

አክስቴ ተደፋፍራ «ስትመለስ በመኪና ትሂድ፤ መሬት ለመሬት አይሻልም?» አለችው። ሳቀ። ችግሩ ሰማዩ ሳይሆን መቀመጡ ነው አላት። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በአውሮፕላንም፣ በአውቶቡስም፣ በባቡርም ያው ነው። አዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት። አደጋው ደግሞ ከኦፕሬሽን በኋላ ሳምንታት ስለሚቆይ ካልሲውን ቶሎ እንዳልጥል፣ ውሃ እንድጠጣ፣ ጠዋትና ማታ እንድራመድ መክሮ ሸኘን።

ተራመድኩ። ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ። ከተማዋ የተወለደችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው፤ አሁን በሩ ላይ ጥበቃው ብቻ ያንቀላፋል። በሦስተኛው ቀን አየኝና «ዛሬ ቀና ብለሻል» አለኝ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቼ ግማሹን ሰጠሁት።

ሐረር አንድ ቀን ሄድኩ። ደንገጎ ዳገት ላይ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጸሎት። ጀጎልን በትንሹ ዞርኩ፣ ጅብ የሚያበሉበት አልቆየሁም፤ ከዚያ በላይ የማስታውሰው የለኝም።

በሃያኛው ቀን ወደ አባ ጤና ተመለስኩ። የፍተሻዋ ልጅ ወገቤን ስትዳስስ እጇ ኮርሴቱ ላይ ቆመ። «ይሄ ምንድነው?» አለች። ኦፕሬሽን ነው አልኳት። ወረቀቴን ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ዞር ዞር ብላ አየችና ጠጋ አለችኝ።

«ስንት አስከፈሉሽ?»

ቀነስ አድርጌ ነገርኳት።