ልጄን ሳላሞላቅቅ ክራር ያስወደድኩበት መንገድ

ለአምስት ዓመት ልጄ መጀመሪያ ያስጨበጥኳት መሣሪያ ክራር ነው። ምክንያቴ ስድስቱ ክሮቹ ናቸው። ትዝታ ሜጀር በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ እንደገና ዶ ይሆናል፤ በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ ክሮች የሉትም። ስለዚህ ልጅ የትኛውንም ክር ብትነካ ከሚዘፈነው ጋር አይጋጭም። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በካርል ኦርፍ የልጆች ማስተማሪያ ዘዴ የሚያስተምሩ መምህራን ለሕፃናት ከዛይሎፎን (በዘንግ ከሚመታው ባለ እንጨት ረድፍ መሣሪያ) ላይ ፋ እና ሲ የተባሉትን ድምፆች የሚያነሱት ለዚሁ ነው። ክራር ላይ የሚነሳ ነገር የለም።

ሲገዛ ናይለን ክር ያለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የብረት ክር የልጅ ጣት ያቆስላል፤ ጣቱን ያመመው ልጅ ደግሞ በማግስቱ አይመለስም። መቃኛው በጨርቅ ተጠምጥሞ ቀንበሩ (የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ለማጥበቅ ጉልበት ይጠይቃል፣ ልምድ ለሌለው ወላጅም ቅኝቱ ቶሎ ይሸሽበታል። እኔ የጊታር ቁልፍ የተገጠመለትን መረጥኩ። ክር ሲበጠስ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል፦ ለታችኛው ዶ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ለላይኛው ዶ 0.5፣ ለመካከለኞቹ 0.7 እና 0.6። ጫፉን ድርብ ቋጥሬ በክብሪት ነካ አደርገዋለሁ፤ ቀልጦ ሲጠጥር አያመልጥም። አዲስ ናይለን ሦስት አራት ቀን እየተለጠጠ ስለሚረግብ በእነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ እቃኘዋለሁ። ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መፍታት ስህተት ነው። ብርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ቆዳው ላይ የሚቆመው በክሮቹ ጫና ብቻ ስለሆነ ይወድቃል፣ ቦታውን እንደገና ማግኘትም ጊዜ ይፈጃል። አንዱን ፈትቶ፣ ተክቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ነው።

በብዙ ቤት ክራር ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የእኛን ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሰቀልኩት፤ ልጅ ማንንም ሳትለምን የምታወርደው ከፍታ ነው። ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ። ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ይወጠርና ከፍ ይላል። በሰኔና በሐምሌ በየቀኑ በስልክ መቃኛ እያየሁ አስተካክላለሁ፣ እሷ ከመነሳቷ በፊት። ያልተቃኘ ክራር የነካ ልጅ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው።

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ቅኝቱን በራሴ ድምፅ ልክ ማድረጌ ነበር። የታችኛው ዶ ለአዋቂ እንዲመች ሲወርድ ልጅ ዜማውን ትታ ግጥሙን መናገር ትጀምራለች። ሰው «ድምፅ የላትም» የሚለው ይሄኔ ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። የታችኛውን ዶ ከፒያኖ መካከለኛው ዶ ጋር (261 ኸርዝ ገደማ) ሳመሳስል ከዚያ እስከ ላ ያለው ሁሉ ሳትጮህ የምትደርስበት ሆነ። አባት ከፍ ካለበት አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ዝቅ ብሎ ይዝፈን።

ከእኔ ጋር የምትቀመጠው በቀን ሰባት ደቂቃ፣ ከእራት በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የምመታው እኔ ነኝ፣ እሷ በእግሯ ትከተላለች። ችክችካ የሚባለው ምት 6/8 ነው፣ ማለትም በስድስት ይቆጠራል፤ ስድስቱንም ማጨብጨብ ያደክማል፣ በአንድና በአራት ላይ መርገጥን ግን ልጅ በጥቂት ቀን ትይዘዋለች። ከዚያ በእያንዳንዱ እርምጃ ዶን ብቻ፣ ቀጥሎ ዶና ሶልን እያፈራረቀች ትመታለች። አጭር በርጩማ ላይ መቀመጥ አለባት። እግሯ ከተንጠለጠለ ክራሩ ከጭኗ ይንሸራተታል፣ እሱን ለመያዝ ስትታገል ጣቶቿ ይታሰራሉ። ስትሳሳት አላቋርጣትም። ስትጨርስ ያንኑ ሐረግ አንድ ጊዜ በትክክል መትቼ ዝም እላለሁ። ሰባቱ ደቂቃ ሲሞላ ደስ እያላት ይቆማል። በኋላ ብቻዋን አውርዳ የፈለገችውን ያህል ብትነካካ ግን አልገባባትም፣ አላርማትም።

ማሞላቀቅ የሚመጣው በሌላ በር ነው። እንግዳ ሲመጣ «እስኪ ምቺላቸው» ይባላል፣ ግንባሯ ላይ ብር ይለጠፋል። አያትና አክስት ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፣ ክፉ አያስቡም። ሆኖም ሁለት ሦስቴ ከተለጠፈላት በኋላ ልጅ ከመጀመሯ በፊት እጃቸውን ታያለች፤ ብር ካልታየም ክራሩን አታነሳም። እኔ ያገኘሁት መላ ከሆያ ሆዬና ከአበባየሆሽ የተወሰደ ነው። እነዚያ የቆሙት በአውጪና በተቀባይ ነው፤ የሚሰጠው ሙልሙልም ሆነ ብር የቡድኑ ነው፣ ይካፈሉታል። እናም «እማማ፣ ብሩ ለበዓል ይቆይላት፤ አሁን ይቀበሏት» እላለሁ። ልጅ አውጪ ትሆናለች፣ ሳሎኑ በሙሉ ይቀበላታል። ሁሉም ስለዘፈነ ለእሷ ብቻ የሚጨበጨብ ነገር አይኖርም። አልዘፍንም ካለችም ወሬው ይቀጥላል፣ ማንም አይለምናትም።

ስለ ግዢም እንዲሁ ጠንክሬአለሁ። ኪቦርድ ስትጠይቀኝ አልከለከልኳትም፣ አልሮጥኩምም። ክራሩን በደረቅ ጨርቅ ወልውላ መስቀል የእሷ ሥራ ነው፣ የላላ ክር ለይታ መንገርም። ይህ ልማድ ከመሆኑ በፊት ሁለተኛ መሣሪያ ከገባ ሁለቱም አልጋ ሥር ይቀራሉ።

ዜማውን በደንብ ከያዘች በኋላ አንድ ማታ ሚንና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ። ክራሩ ወደ ሌላው የትዝታ ቅኝት፣ ወደ ትዝታ ማይነር፣ ይዞራል። ምንም ሳልናገር የለመደችውን ዜማ እመታለሁ። ቀና ብላ «ምን ሆነ?» ካለች ጆሮዋ ደርሷል ማለት ነው፤ በማግስቱ ቁልፎቹን ራሷ እንድታዞር አደርጋለሁ። ካላለች ሁለቱን ክሮች ወደነበሩበት መልሼ ከወር በኋላ እሞክራለሁ።