ሦስት ቅዳሜ አልጌ ስቆጥር

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥኩት ርእስ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ በለንደን ዛፎች ቅርፊት ላይ የሚኖረውን ላይከን መመዝገብ። ላይከን ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ፍጡር ነው። አገር ቤት በአሮጌ የጽድ ግንድ ላይ እንደ ሽበት የሚታየውን አስቡ። አብዛኛው ዓይነት ቆሻሻ አየር አይችልም። እኔን የሳበኝ ግን ሌካኖራ ኮኒዜኦይድስ የተባለው ግራጫማ አረንጓዴ፣ መልከ ጥፉ ዓይነት ነው። የድንጋይ ከሰል ጭስ ሌሎቹን ሲፈጅ እሱ የከተማውን ግንድ ወርሶ ይኖር ነበር።

ርእሱ በሳምንት ጸደቀ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ገዛሁ። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ቢሮ ግን አምስት ሳምንት አመላልሶኝ «ቅርፊት እንዳይላጥ» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ሰጠኝ። ልልጥ ማን አለ? ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቄ የራሴ ጅልነት ነው።

ትልቁ ጥፋት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሆክስዎርዝና ሮዝ የተባሉ የላይከን ተመራማሪዎች ባወጡት የአየር ብክለት መለኪያ አየሩ እጅግ ሲከፋ በግንዱ ላይ አረንጓዴ አልጌ ብቻ ይቀራል፤ ትንሽ ሻል ሲል ሌካኖራ ከግንዱ ሥር ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል። መለኪያው ድንቅ ሥራ ነው። እኔ ግን የዛሬን ከተማ በዚያ ዘመን ካርታ ልፈልግ ወጣሁ። በሦስት ቅዳሜ ሠላሳ ስምንት የኦክ ዛፎች አየሁ። በሠላሳ አንዱ ላይ አረንጓዴ ነገር ነበር፤ በሠላሳ አንዱም «ሌካኖራ፣ በብዛት» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ማታ ቅጹን እያየሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ አማካሪዬ አብራኝ መጣች። ምንም ሳትናገር ጣቷን በምራቋ አርሳ ግንዱን አሸችው። ጣቷ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«አልጌ ነው» አለች። «ሳህኖቹስ የታሉ?»

ሌካኖራ ቢሆን ኖሮ በሻካራው ገጽ ላይ ጥቃቅን ሳህን የሚመስሉ የፍሬ አካላት ይታዩ ነበር። መነጽሩ ሦስቱንም ቅዳሜ በአንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔ ላይ አላደረግሁትም! እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ታሪኩን ቀድሜ ባነብ ኖሮ እጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የለንደን መርዛማ ጭጋግ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገደለ በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ከሰሉ እየቀረ፣ ከጭሱ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝም እየቀነሰ ሲሄድ፣ በእሱ የከበረው ሌካኖራ ብርቅ ሆነ። ስፍራውን የያዙት ናይትሮጅን የሚስማማቸው ናቸው፤ ለምሳሌ ብርቱካንማ ቢጫው ዛንቶሪያ ፓሪየቲና። እሱን በብዛት አይቶ «አየሩ ጸድቷል» የሚል ሰው እንደ እኔ ይሳሳታል፤ የመኪና ጭስና አሞኒያ ባለበትም ይፋፋል።

የተሰጠኝ መመሪያ «ከፎቶ ጋር አመሳክር» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ጣትህን አርጥብ፣ ቀጥሎ መነጽሩን አንሳ፣ ፎቶው ይቆይ እላለሁ። በየጎዳናው የተተከለውን ፕሌን የተባለ ዛፍም ተወው፤ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ላይከን ሥር ሳይሰድ ይረግፋል።

ሠላሳ አንዱን መስመር ሰርዤ እንደገና ዞርኩ። በኅዳር መጨረሻ በአንድ አሮጌ የበርች ግንድ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ግራጫማ ነገር አየሁ። ጣቴን አርሼ ጠርዟን አሸት አደረግሁ፤ አልቀለመም። መነጽሩን ሳስጠጋ ሳህኖቹ ነበሩ፤ ሰባት ቆጠርኩ።