የተበጠሰች ቁልፍ

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ተጭኖኝ ዋለ። ወደ ማታ እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻለኛል ብዬ የአባባን ሸሚዝ ከመርፌና ከክር ጋር አውጥቼ ተቀመጥሁ፤ ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ ተበጥሳለች። የበጠስኋትም እኔው ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ሳለብሳቸው።

ቁልፏን ሳይ ያ ቅጽ ትዝ አለኝ። ስትሮኩ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ የምትከታተላቸው ባለሙያ በ1965 የታተመውን የባርቴልን መለኪያ ይዛ መጥታ ነበር፤ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ ደረጃ መውጣት እያለ 10 ነገሮችን ጠይቆ ከ100 ነጥብ የሚሰጥ ነው። መልበስ ላይ ስትደርስ አባባ ሙሉውን «10» አሉ፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜ በጣቶቼ 5 አሳየኋት። እሷ ግን የሁለታችንንም አልጻፈችም። «ይችላሉ ወይ አላልሁም አባባ፤ ትናንት ጠዋት ማን አለበሰዎት?» አለቻቸው። አባባም እኔም ዝም አልን።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የጠረጠርሁት አእምሯቸውን ነው። ግራ ጎንን የሚያዘው የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ሰው የገዛ አካሉን መድከም ሳያውቀው ሊቀር እንደሚችል፣ ባቢንስኪ የተባለው የነርቭ ሐኪም በ1914 ለዚህ ስም እንዳወጣለት አንብቤ ነበር፤ ትንሽ ንባብ እኔን ወዲያው ሐኪም ያደርገኛል። ባለሙያዋ ግን አልተከራከረቻቸውም። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ፣ የቱን እንደሚወጡትና የቱ እንደሚያቅታቸው አስቀድመው እንዲነግሯት፣ ከዚያ እንዲሞክሩት፣ በመጨረሻም ያሉትን ከሆነው ጋር እንዲያስተያዩት ጠየቀቻቸው። «እጅጌው ይገባል፤ የአንገቱ ቁልፍ ግን እምቢ ይለኛል» አሉ። የደከመውን ክንድ በቀኝ እጃቸው አንስተው አስቀድመው እሱን አስገቡ፤ ደህናው ተከተለ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው እየገፉ፣ አንዳንዷ ከቀዳዳው አፍ እየተመለሰችባቸው፣ ግንባራቸው እስኪያልበው ድረስ ቆለፉ። እኔ እጆቼን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቆሜአለሁ፤ ካልያዝኋቸው ይሄዳሉ። የቀረችው የአንገቷ ብቻ ነበረች። ግምታቸው ልክ ሆነ፤ የእኔ አልሆነም።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ካናዳ ውስጥ በተዘጋጀ ሌላ መጠይቅ፣ በራሳቸው ኑሮ የጎደለባቸውን ነገር ራሳቸው መርጠው ምን ያህል እንደሚፈልጉት፣ እንዴት እንደሚሠሩትና ምን ያህል እንደሚረኩበት ከ1 እስከ 10 እንዲሰጡ ተጠየቁ። እኔ ደረጃውን ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ጢማቸውን ራሳቸው መላጨት አሉ፤ ለአስፈላጊነቱ 10፣ ለአሠራራቸው 2፣ ለእርካታቸው 1። በባርቴል መለኪያ መላጨት ከፊት መታጠብ፣ ከጥርስና ከጸጉር ጋር ተዳብሎ ሁሉም በአንድ ላይ 5 ነጥብ ነው። በየሁለት ቀኑ የምላጫቸው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቄአቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እጠብቃቸዋለሁ ማለት እወዳለሁ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሰዓት ይረፍዳል፣ እጄም ይቀድመኛል። ለዚህ መላ ይሆናል ብዬ ቁልፍ የሌለው፣ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ አመጣሁላቸው። ያለ እኔ ይለብሱታል። ቢጠየቁ አሁን በልበ ሙሉነት 10 ይላሉ፤ ነጥቡ የእሳቸው ይሁን የሹራቡ እኔ መለየት አቅቶኛል። እሳቸው ግን ትናንት ማታ ያ ባለ ቁልፉ ሸሚዝ የት እንደደረሰ ጠየቁኝ።

ሸሚዙ ይኸው ጭኔ ላይ ነው፤ ክሩም ገና መርፌው ውስጥ አልገባም። ቁልፍ መስፋት ትችያለሽ ወይ ብባል ያለምንም ማመንታት 10 እል ነበር።