እማዬና አራተኛ ፎቅ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ስድስት ዓመት ሊሆነን ነው፣ እጣችን የወጣው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ስንገባ እማዬ 68 ዓመቷ ነበር፣ ደረጃውን እያወራች ነበር የምትወጣው፣ መሀል ላይ ቆም ብላ ጎረቤት ታማና ደሞ ትቀጥላለች። አሁን 74 ሆናለች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ወሬ ታቆማለች። ማርጀቷን ያወቅኩት በዛ ነው።

የሚገርመው ግን የምትፈራው መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ነው። እኔማ መውረድ ምን ይከብዳል እል ነበር፣ ለካ ስንወርድ የታፋችን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው፣ ፍሬን በሉት፣ ጡንቻ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል ከ60 በኋላማ ይብሳል። ከሁሉም በላይ የሚከሱት ደሞ ቶሎ የሚኮማተሩት ክሮች ናቸው፣ ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ላፍ አድርገው የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። እማዬ "እግሬ ይዘገያል" ስትለኝ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ነገሯን እንደ እልኸኝነት ነበር የማየው ለነገሩ። ለግፊቷ ጨው ቀንሺ ተብላ ሽሮው ላይ በማንኪያ ትገለብጣለች፣ እኔ አፌ እየተቃጠለ እሷ "አልጫ ሆነብኝ" ትላለች፣ ስንጣላ ከረምን። ምላስም አፍንጫም ከእድሜ ጋር እየደከሙ እንደሚሄዱ ማን ነገረኝ? አሁን ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ጨመር አድርገን ጨውን በዘዴ እየቀነስን ነው፣ አልነገርኳትም።

ጆሮዋም እንደዛው። "ሽሮ አልቋል እንዴ?" ስላት "ጎሮ ማን አለ?" አለችኝ፣ ቤቱ በሳቅ ሞተ። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሽ፣ ስ፣ ፍ የሚባሉትን ነው የማትይዛቸው፣ ስለዚህ መጮህ ብዙም አይጠቅማትም፣ ፊቷ ሆኖ ቀስ ብሎ ማውራት ነው።

ያስደነገጠኝ ግን የውሃው ነገር ነው። ውሃ ጠጪ ስላት "አልጠማኝም" ነው መልሷ፣ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣና ጀሪካን የምሸከመው እኔ ስለሆንኩ አዝናልኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም፣ በእርጅና ጥማቱ ራሱ ይቀንሳል፣ ኩላሊት ደሞ እንደ ወጣትነት ውሃ አይቆጥብም፣ በዛ ላይ እሷ የምትወስደው የግፊት ኪኒን ሽንት የሚያበዛ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት (ማታ በ2 ሰዓት ስለምትተኛ ያኔ ነው የምትነቃው) ለጸሎት ብላ ከአልጋ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመና በሩ ስር ወደቀች። እጇ አበጠ እንጂ አልተሰበረም፣ ተመስገን። መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ "እርጅና ነው እማማ" ብለው ሸኙን፣ ይሄ መልስ በጣም ያናድደኛል፣ እርጅና እኮ ምርመራ አይደለም። ሌላ ቦታ አንዲት ወጣት ነርስ አስተኝታ ግፊቷን ለካችና "እስቲ ይነሱ እናቴ" ብላ ደግማ ለካች፣ ተኝታ 140 የነበረው ቆማ 112 ሆነ። በቃ ታወቀ፣ ስትቆም ግፊቷ እየወረደ ነው፣ ሐኪሙ ኪኒኑን አስተካከለላት፣ ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ቁጭ ብላ እንድትቆይም ነገራት።

ጡንቻን በተመለከተ ደሞ በ70ዎቹም ቢሆን ከተሠራበት ይጠነክራል አሉን፣ ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ ከወንበር እጇን ሳትደገፍ 10 ጊዜ ትነሳለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። ትናንት ስምንተኛው ላይ ቁጭ አለችና "የቀረውን አንተ ተነስልኝ" አለችኝ።