«እህቴ ጋ» እና «ከእህቴ ጋር»

ፍራንክፈርት እንደገባሁ መጀመሪያ የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር «ኢሽ ቮነ ኢን ፍራንክፈርት» ነበር። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው ለማለት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ይቺ «የት ነው የምትኖሪው?» የምትባል ጥያቄ አንድ ቀን ሙሉ ጨረሰችብኝ።

ጀርመን ውስጥ አዲስ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። አንሜልዱንግ ይሉታል። እኔ ያረፍኩት ታላቅ እህቴ ቤት ነበር። የምዝገባው ቢሮ ጸሐፊ የት እንደምኖር ስትጠይቀኝ «ኢሽ ቮነ ሚት ማይነር ሽቬስተር» አልኳት። «ሚት» ማለት «ጋር» እንደሆነ አውቃለሁ። እሷም የኪራይ ውሉ ላይ ስሜን ፈለገች። የለም። ቤቱን የሰጠኝ ሰው የፈረመበት ወረቀትም አልያዝኩም። በሌላ ቀን ተመለሽ ተባልኩ።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። «‹ባይ› ነው የሚባለው» አለችኝ። «አንቺ እኔ ጋ ነሽ እንጂ አብረን አልተከራየንም።»

ወዲያው ገባኝ። አማርኛችንም እኮ ይለየዋል! «እህቴ ጋ ነው ያለሁት» ካልኩ ቤቱ የእሷ ነው። «ከእህቴ ጋር ነው የምኖረው» ካልኩ ግን የሁለታችን ሊሆን ይችላል። «ባይ» ማለት «ጋ»፣ «ሚት» ማለት «ጋር»። አዲስ ለሚመጡ ልጆች ይህን ሳልነግር አላልፍም። ሌላም አለ፦ ስማችሁን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። ስም ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል፤ እዚህ ደግሞ ብዙ ነገር በደብዳቤ ነው።

ከዚያ ዳቲቭ የሚባለው የሰዋስው ሕግ መጣ። ጀርመንኛ ውስጥ ስም ሁሉ ከፊቱ ዴር፣ ዲ ወይም ዳስ የምትባል ትንሽ ቃል አለው። «የት?» ለሚለው ስትመልሱ ዴርና ዳስ ወደ ዴም ይቀየራሉ፣ ዲ ደግሞ ወደ ዴር። መንገድ ማለትም ሽትራሰ ዲ ስለሆነ «ኢን ዴር በርሊነር ሽትራሰ» ይባላል። ዴር ዲ የነበረ መሆኑን ለመቀበል ወራት ፈጀብኝ። እንዳልረሳው የረዳኝ የከተማዬ ስም ነው። ጀርመን ውስጥ ሁለት ፍራንክፈርት አለ። የእኛው ፍራንክፈርት አም ማይን ነው፤ በፖላንድ ድንበር ያለው ፍራንክፈርት አን ዴር ኦደር። «አን» ማለት አጠገብ ነው። ማይን ወንዝ ዴር ነው፣ «አን ዴም» አጥሮ «አም» ሆነ። ኦደር ዲ ነው፣ ስለዚህ «አን ዴር»። የከተማዬን ስም በጻፍኩ ቁጥር ስሙ ሰዋስው ያስጠናኝ ነበር።

«ወዴት?» ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። እኛ «ከተማ ውስጥ ነኝ» እና «ወደ ከተማ እሄዳለሁ» ብለን ቃሉን እንለውጣለን። እነሱ «ኢን»ን አይነኩም። ስሆን «ኢን ዴር ሽታት»፣ ስሄድ «ኢን ዲ ሽታት»። ልዩነቱ ያለችው በዚያች ትንሽ ቃል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ስም ስትማሩ ከነዴሩ፣ ከነዲው፣ ከነዳሱ ያዙት። ብቻውን የያዝኩትን ሁሉ ኋላ እንደ አዲስ ነው የተማርኩት።

ወደ ሁለት ዓመት ገደማ «ባይ ማይነር ሽቬስተር» ስል ኖርኩ። በየፎርሙ እሱን እጽፋለሁ። እህቴ አንድም ቀን ፊት አልነሳችኝም፤ ግን ያንን «ባይ» በጻፍኩ ቁጥር ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይከብደኝ ነበር።

የራሴን አንድ ክፍል ቤት ያገኘሁ ቀን እንደገና ለመመዝገብ ሄድኩ። ጸሐፊው ጠየቀኝ። መንገዱንና ቁጥሩን ነገርኩት። ባይ የለውም።

በመጀመሪያው እሑድ እህቴ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። የበሩ ደወል ላይ ስሜን አይታ ቆመች። ጣቷን ደወሉ ላይ እንዳደረገች ስልኬ ላይ ደወለችልኝ።

«ኢሽ ቢን ባይ ዲር» አለችኝ። «አንቺ ጋ ነኝ። ክፈቺ።»