63 ሰው፣ 3 መጽሐፍ

በአንድ የዞን ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክበብ ሊቋቋም ነው ተብሎ ባነር ተሰቀለ፣ ድምፅ ማጉያ ተከራዩ፣ ከየቢሮውና ከየትምህርት ቤቱ ሰው ተጠራ። ለመክፈቻ የተመረጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት 63 ሰው መዝገብ ላይ ፈረመ። ተጋባዡ ተናጋሪ ስለ ንባብ ጥቅም 50 ደቂቃ ተናገሩ፤ የቀረችውን ሩብ ሰዓት ሁለት መምህራን ተካፈሏት። ከሁለት ሳምንት በኋላ 7 ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀጠሮ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያና ጥበቃው ብቻ ናቸው።

«የከተማችን ኅብረተሰብ የንባብ ባህሉ ዝቅተኛ ነው» የምትለው የታወቀች ዓረፍተ ነገር ሪፖርት ላይ ልትሰፍር ጥቂት ሲቀራት ባለሙያዋ የውሰት ካርዶቹን አወጣች። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው 3 ቅጂ ነው። አንድ ቅጂ ለ14 ቀን ይዋሳል። የፈረመው ሰው ሁሉ በተራ ይውሰድ ቢባል 21 ዙር፣ ማለትም 42 ሳምንት ይፈጃል፤ ያውም ማንም ሳያዘገይ። መጽሐፉ ደግሞ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አንደኛው ቅጂ በመክፈቻው ዕለት ለአንድ ኃላፊ «ይመልከቱት» ተብሎ ተሰጥቶ በዚያው ቀርቷል። ሁለተኛው ተመልሷል፤ ጎኑን አዙረው ሲያዩት ግን የእጅ ወዝ ያወየበው ከፊት ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ነው። ገጽ 46 ላይ ጫፉ ታጥፏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወረቀት ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ነው። እስከ መጨረሻው የተነበበው ሦስተኛው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰው ቀረ የተባለው ያላነበበውን ሊወያይ መምጣት አፍሮ ነው። እንግዳ ነገር አይደለም።

በየከተማው ልብ ወለድ ያከራዩ የነበሩ ባለሱቆች ይህን ሒሳብ ያለ ትምህርት ያውቁት ነበር፦ መያዣ ይቀበላሉ፣ በቀን ይቆጥራሉ፣ ተፈላጊውን መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት የሚሰጥ የለም። ክበብ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ግን ወንበር ይቆጥራል እንጂ ቅጂ አይቆጥርም።

ካርዶቹ የማይናገሩት ሌላ ነገርም ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ የተገኙት 7 ሰዎች ስለ መጽሐፉ ሞቅ አድርገው አውርተዋል፤ ወሬው ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን እንዴት እንዳናገረው ነበር። የመጡት የሰሙትን ይዘው ነው። ይህን እንደ ጉድለት የወሰደ አወያይ «እስኪ ወደ መጽሐፉ እንመለስ» ብሎ አፋቸውን ይዘጋል። ባለሙያዋ ከዚያ ጀመረች፦ ሰው መስማት ከወደደ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይነበብለት።

ሁለተኛው ሙከራ ያለ ባነር በ12 ሰው ተጀመረ። ከ15 በላይ ሲሆን ክቡ ይሰፋል፣ ድምፅ አይሰማም፣ ጥጉ ላይ ያሉት የራሳቸውን ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ከ6 በታች ሲሆን ደግሞ አንድ ለቅሶ ውይይቱን ያስቀረዋል። ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የገበያውን ቀን፣ የእድሩን ስብሰባና በወሩ የሚውሉትን የማኅበር ቀናት መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መክፈቻ የዋለው ገበያ ቀን ነበር፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ያልመጡት በዚህ ነው።

ጽሑፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሆነ። አጭር ነው፣ ከ100 ገጽ አይሞላም። የመብቱም ጉዳይ አያስቸግርም፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የእኚህ ደራሲ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በአዲስ ኅትመት ላይ የተጨመረ መቅድምና ማብራሪያ ግን የአዘጋጁ ንብረት ስለሆነ አብሮ ኮፒ አይደረግም። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ከሆነ ያለ ፈቃድ ሙሉውን ማባዛት አይቻልም፤ «ለትምህርት ነው» የምትል ሰበብ አታድንም።

ለአንድ ቀን 8 ገጽ በቂ ነው። የተዘረጋው መጽሐፍ ሁለት ገጽ ወደ 141 በመቶ አድጎ አንድ ኤ3 ወረቀት ላይ ይወጣል፤ 8 ገጽ ማለት 4 ወረቀት ነው። ለሁለት ሰው አንድ ጥራዝ ሲሰጥ ለ12 ሰው 24 ወረቀት ይበቃል። ለየራስ አለመስጠቱ ለቁጠባ ብቻ አይደለም፦ መነጽር የረሳውም ማንበብ የማይችለውም ከጎኑ ካለው ጋር አብሮ ሲያይ ማንም ልብ አይለውም። ጮክ ብሎ ሲነበብ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በሁለት ገጽ አንባቢ ይቀየራል። ማን እንደሚያነብ አስቀድሞ በጆሮው ይነገረዋል። በድንገት «አንተ አንብብ» የተባለ ሰው በሳምንቱ አይመለስም።

ቡናው ላይ ስሕተት ተሠራ። በመጀመሪያው ቀን ንባቡና ቡናው አብረው ተጀመሩ፤ ልክ ታሪኩ ሲጥም ሙቀጫው ተነሣ። ሁለት ገጽ በዘነዘና ድምፅ ጠፋ፣ ድጋሚም ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ቡናው ተወቅጦ ይመጣል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ጀበናው እሳት ላይ ይቆያል፣ አቦል ሲቀዳ ወሬው ይጀመራል፣ በበረካ የሚቀጥለው ቀን ክፍልና አንባቢዎቹ ይመረጣሉ። በአጠቃላይ ሰዓት ተኩል። ከዚያ በላይ ሲሄድ እራት የሚጠብቃቸው ሹልክ ማለት ይጀምራሉ፤ አንድ ሰው ከወጣ ደግሞ ሌላው ይከተላል።

የአወያይ ሥራ ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። «ደራሲው ምን ሊያስተምሩን ፈለጉ?» የሚል ጥያቄ ክፍሉን ፈተና ያደርገዋል፤ የሚመልሰውም መምህሩ ብቻ ነው። በአስተያየት ከተጀመረ ደግሞ ትልልቆቹ ይቀድማሉ፣ ወጣቶቹም አባባ እገሌ ከተናገሩ በኋላ ተቃራኒ ማንሣት ድፍረት ይሆንባቸዋል። ባለሙያዋ ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነበር፦ ከበሩ በኩል ጀምሮ ሁሉም የወደደውን ወይም ያልገባውን አንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል፣ አስተያየት አይጨምርም። በሁለተኛው ዙር ክቡን ዞሮ የሚመጣ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ ጠያቂዋም በልቧ እስከ አስር ሳትቆጥር አፏን አትከፍትም።

አንድ ቀን የተነሣው ጥያቄ በ«ጦቢያ» ውስጥ ስላለው ነጋዴ ነበር። የተማረከውን የጦር አለቃ ለማስለቀቅ ገንዘብ ሰጥቶ ስሙን እንኳ ሳያስታውቅ የሚሄደው ሰው፣ ባይሰጥ ኖሮ ይወቀስ ነበር ወይ? ዝምታው ረዘመ። ከዚያ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣

«ምን ይወቀሳል፤ ቤዛ እኮ ነው የከፈለ» አሉ።

«እማማ፣ ቤዛ የሰው ስም አይደለም እንዴ?» አለ ከጎናቸው የተቀመጠው የ11ኛ ክፍል ተማሪ።

«ስሙማ ከዚህ ነው የወጣው፣ ልጄ። በሰው ፋንታ የሚሰጥ ነው።»

ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ ጻፈው። ሌላው ደግሞ ስም የማያስታውቅ ሰጪ ደግ ነው ወይስ ተቀባዩን ዕዳ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ የሚለውን አነሣ፤ የጦር አለቃው ልጅ ዋህድ ከቤት የሚወጣው ይህንኑ ባለውለታ ፍለጋ ነውና ክርክሩ እስከ በረካ ዘለቀ፣ ጀበናውም ሁለተኛ ተጣደ።

ንባቡን ከአዳራሹ ውጪ የሚያስቀጥለው አንድ ተራ ደብተር ነው። አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የወሰደው ቅጂ፣ የወጣበት ቀን፣ የደረሰበት ገጽ። የመጨረሻው ዓምድ በየስብሰባው መግቢያ ላይ ይሞላል፤ «ጨረስክ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ የለም፣ «የት ደረስክ?» ነው የሚባለው። ውሰቱም ወደ 7 ቀን ዝቅ አለ፤ ሌላ ጠያቂ ከሌለ ይታደሳል። ሰው ሲቀር እዚያው ሳምንት ይደወልለታል፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው እንደሚቀር ደብተሩ ራሱ ያሳያል።

በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ቅጹ ላይ «የተሳታፊ ብዛት» የሚል ሳጥን እንጂ የገጽ ሳጥን አልነበረም። ባለሙያዋ 11 ብላ ሞላች። ከቢሮ ተደወለ። «ባለፈው 63 አልነበረም እንዴ? 52ቱ የት ሄዱ?» ደብተሩን ኮፒ አድርጋ ከሪፖርቱ ጋር አያይዛ ላከች፣ በዚያውም ኃላፊው ዘንድ የቀረው ቅጂ እንዲመለስ አንድ መስመር ጨመረችበት።